ምራቁ የማን ነው?

ዳርቱ ሀሴትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየቻት የጅብ ኩስ ስትለቅም ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሳሳ ብሎ የጥንቱ ጥድ ብቅ ብቅ በሚልበት አፋፍ ላይ በጎቿን አሰማርታ ተቀምጣ ሳለ፣ አንዲት ቦርሳ ያዘለች ወጣት ጓንት አጥልቃ ጎንበስ ቀና እያለች መሬት መሬቱን ስትፈትሽ አየች። ቦታውን ዳርቱ ታውቀዋለች። ጅቦች እየተመላለሱ የሚጸዳዱበት ገላጣ ነው። ጅብ አጥንት ስለሚቆረጥም ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል፤ ከሩቅ ላየው ሰው ሜዳው ላይ ጠመኔ የተበተነ ይመስላል።

ያንን ነጭ ነጩን የሚለቅሙ ሰዎች ከዚህ በፊት አጋጥመዋታል። መድኃኒት ነው ብለው የሚወስዱ አሉ፤ ለመተት ነው እየተባሉም ይታማሉ። ይቺ ግን ነጩን እያለፈች ገና እርጥብ የሆነውን ትመርጣለች። ላይ ላዩን ጫፉ ጥጥ በሆነ ቀጭን ስንጥር ጠረግ ታደርግና ጥጡን ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከትታ ክዳኑ ላይ ትጽፍበታለች። ሌላ ሰው ቢሆን አማትቦ መንገዱን ይቀይር ነበር። ዳርቱ ግን ዱላዋን አንስታ ወደ ልጅቷ ሄደች።

ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። እዚያው እንጦጦ ጀርባ ተወልዳ ያደገች፣ ዕድሜዋ አርባዎቹን ያጋመሰ ሴት ናት። ትምህርት ቤት እያለች ለምን እና እንዴት የሚሉት ቃላት ከአፏ ስለማይጠፉ የሳይንስ መምህሯ ሲያዩዋት ሰዓታቸውን ያዩ ነበር ይባላል። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ እናቷ ታመው ትምህርቱን ተወችው፤ መጠየቁን ግን አልተወችም። ባሏ ቢራቱ ሽማግሌ የላከ ጊዜ እንኳ፣ ከጓዳ ወጥታ ልጁ የመጀመሪያ ሥራውን ለምን እንደለቀቀ ሽማግሌዎቹን ጠይቃ አባቷን አሳፍራለች። መልሱ ደስ ስላላት ነው ያገባችው እያለ ቢራቱ እስከ ዛሬ ይስቃል። ኮሮና ጊዜ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄዳ አፍንጫዋ ውስጥ ያስገቡትን ቀጭን ስንጥር ወዴት እንደሚወስዱት፣ እዚያም ምን እንደሚያደርጉበት ስትጠይቅ፣ ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። ነርሷም ሥራ በዝቶባት ሳትመልስላት ቀረች።

እናም ያን ቀን ልጅቷ እጅ ላይ ያንኑ ስንጥር ስታይ በጥያቄ ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት።

ሀሴት የሲግናል ሰፈር ልጅ ናት። ወላጆቿ ከደቡብ መጥተው እዚያው ሱቅ ከፍተው ያሳደጓት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የእንስሳት ዘረ መል የምታጠና ተማሪ ናት። መጀመሪያ ሴትዮዋ ዱላ ይዛ ስትመጣ ደንግጣ እንደነበር በኋላ ተናግራለች። ዳርቱ ከሰላምታ በኋላ የጠየቀቻት፣ እርጥቡን ለምን እንደምትመርጥ ነበር። ሀሴትም ጥያቄው ስላስገረማት አጠገቧ ሣር ላይ ተቀምጣ አስረዳቻት። ኩሱ ሲወጣ የጅቡን አንጀት እየላጠ ነው የሚወጣው፤ ላዩ ላይ የራሱ የጅቡ ሥጋ ደቃቅ ቅንጣት አለ። ፀሐይ ሲመታው ይበላሻል። በዚያ ቅንጣት ውስጥ ጅቡ ወንድ ይሁን ሴት፣ ከየትኛው እናት እንደተወለደ፣ የማን ዘመድ እንደሆነ ተጽፏል። እሷ የምትፈልገው እንጦጦ ላይ ስንት ጅብ እንዳለና እርስ በርሳቸው ምን እንደሚዛመዱ ማወቅ ነው። አድብታ ማየት፣ ወጥመድ መጣል አያስፈልጋትም።

ዳርቱ ያን ዕለት በጎቿን የመለሰቻቸው መሽቶባት ነው። ማታውን ጅቦቹ ከቀበና ወንዝ በኩል ሲጮኹ ስትሰማ፣ ዕድሜ ልኳን የምታውቀው ድምፅ እንግዳ ሆነባት። እስከ ዛሬ ጅብ ጮኸ ነበር የምትለው። አሁን የትኛው ጮኸ፣ እናቲቱ ናት ወይስ ልጇ ማለት ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ ሀሴት ወደ እንጦጦ ስትወጣ ዳርቱ ቤት ጎራ ሳትል አትመለስም። ዳርቱ ጅቦቹ የሚወጡበትንና የሚወርዱበትን መንገድ ታሳያታለች፤ ሀሴት ከሥራዋ ያገኘችውን ትነግራታለች። ሁለቱም የማያውቁት ሲያጋጥም አብረው ያስባሉ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ማለዳ ላይ ክፉ ነገር ሆነ። ቢራቱ መገናኛ አካባቢ ባለ የሕንፃ ግንባታ ላይ የሌሊት ጥበቃ ስለሆነ ቤት አልነበረም። ዳርቱ በሩን ከፍታ ስትወጣ የበረቱ አጥር አንድ ጎኑ ተገንጥሏል። አራት በጎቿ ሞተው ተዘርግተዋል፤ የቀሩት አንዱ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ይንቀጠቀጣሉ። ሌሊቱን ዶፍ ዘንቦ ስለነበር ምንም አልሰማችም። እሪታዋን ሰምተው የመጡት ጎረቤቷ ጋሽ ከበበ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የራሳቸውን በረት ተሰብሮ አገኙት። ሁለት እናት በጎች ሞተዋል፤ የአንደኛዋ የኋላ እግር የለም።

ጋሽ ከበበ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ፣ የእድሩ ሊቀመንበር፣ ሲናገሩ የሚደመጡ ሰው ናቸው። ጅብ ነው አሉ፤ የተጠራጠረም አልነበረም። ዳርቱ ግን እያለቀሰችም በጎቿን አንድ በአንድ ታገላብጥ ነበር። ጆሮ ተነክሷል፣ ጭን ተቦጭቋል፣ አንገት ተዘልዝሏል። ከሥጋው ግን የተበላ የለም።

«ጋሽ ከበበ፣ ጅብ ከሆነ ለምን አልበላቸውም?» አለቻቸው።

«ጠግቦ ነዋ» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «ወይም ሰው ሲመጣበት ሸሽቶ» ብለው ጨመሩ።

የመጣ ሰው ግን እንዳልነበረ ሁለቱም ያውቃሉ።

ዳርቱ ስልኳን አውጥታ ሀሴት ጋ ደወለች። በጎቹን ማንም እንዳይነካቸው፣ ዝናብም እንዳያገኛቸው ላስቲክ እንድታለብሳቸው ሀሴት ነገረቻት፤ ፀሐዩ ሳይበረታም በታክሲ ፈረንሳይ ድረስ፣ ከዚያ በላይ በእግሯ እያለከለከች ደረሰች። ሰው ሁሉ ከቦ እያያት፣ የስድስቱንም በጎች ቁስል በዚያ ስንጥር እየጠራረገች ብልቃጥ ውስጥ ከተተችው። የነከሰው እንስሳ ምራቁን ቁስሉ ላይ ትቶ ይሄዳል፤ ምራቁ ደግሞ ስሙን ይናገራል አለቻቸው። ጋሽ ከበበ አንገታቸውን ነቀነቁ። የሞተ በግ ኮሮና ሲመረመር አይቼ አላውቅም አሉ፤ አንዳንዱ ሳቀ።

በማግሥቱ እድሩ ተሰበሰበ። ሌሎችም ባለፈው ወር በግና ፍየል የተበላባቸው ነበሩ። ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ ወንዙ ዳር መጣል ነው የሚለው ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አገኘ። መርዙን አውቃለሁ የሚል ሰውም ተገኘ። ዳርቱ ተነሳች። እኔንም እንደ ሌላው ሰው በጎቼ አሳዝነውኛል፤ ግን ማን እንደገደላቸው ሳላውቅ ማንን ነው የምገድለው ስትል ጠየቀች። ምርመራው እስኪመጣ እንዲታገሱ ለመነች። ጋሽ ከበበ እንጠብቃለን አሉ፤ ግን ብዙ አንጠብቅም።

ውጤቱ ሲዘገይባት ዳርቱ አላስቻላትም። በጎቿን ለቢራቱ ትታ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ ሀሴት ወደምትማርበት አራት ኪሎ ወረደች። ሀሴት ነጭ ጋዋን አልብሳ ቤተ ሙከራው ውስጥ አስገባቻት። ዳርቱ ትልቅ ነገር ጠብቃ ነበር፤ ያየችው ከቴሌቪዥን የማይበልጥ፣ ድምፁ እንደ ፍሪጅ የሚያጉረመርም ሣጥን ነው። ያ ሣጥን በዓይን የማይታየውን ቅንጣት እንደ ፎቶ ኮፒ እያባዛ፣ ለማንበብ የሚበቃ ያደርገዋል።

«የበጓ ደምስ? ከምራቁ ጋር አይደባለቅም?» አለች ዳርቱ።

ሀሴት ፈገግ አለች። ይደባለቃል፤ ለዚህ ነው የቆየነው አለቻት። የበጓን እያለፈ የሥጋ በሉን ብቻ የሚያባዛ ነገር ይጨምሩበታል። ዳርቱ እንዴት አድርጎ እንደሚለየው ጠየቀች። ሀሴት ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳቻት። የገባትም ያልገባትም ነበር፤ ወደ ቤቷ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ያልገባትን እያሰበች መውረጃዋን አለፈች።

ከዚያ በኋላ ሀሴት ደወለች። የስድስቱም በጎች ቁስል ላይ ያለው ምራቅ የውሻ ነው። ሁለት ውሾች ናቸው። የጅብ ምራቅ የተገኘው አንድ ቦታ ብቻ፣ እግሯ በጠፋው የጋሽ ከበበ በግ አጥንት ላይ ነው። ጅቡ የመጣው ውሾቹ ከሄዱ በኋላ መሆን አለበት፤ ሞታ ያገኛትን በልቶ ሄደ።

ዳርቱ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ሰው ያልጠየቀውን ጠየቀች። የትኛው ውሻ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል ወይ? የውሾቹ ምራቅ ከተገኘ ይቻላል አለች ሀሴት፤ ከቁስሉ ጋር ማስተያየት ነው።

«እንግዲያስ ነይ፤ ቤት ለቤት እንዙር» አለቻት።

ዞሩ። አንዳንዱ ጎረቤት ውሻዬ ተሰደበ ብሎ በር ዘጋ። አንዳንዱ እያሾፈ ፈቀደ። ጋሽ ከበበ ከሁሉ ቀድመው የራሳቸውን ውሻ አፍ ራሳቸው ከፍተው ያዙ፤ ጅብ ካልሆነ ማወቅ መብታችን ነው አሉ። ዙሩን ጨርሰው ዳርቱ ቤት ሲደርሱ ቡላ ጭራውን እየቆላ ተቀበላቸው። ገና ጎረምሳ የሆነ፣ ዳርቱ ከቡችላነቱ ወተት እያጠጣች ያሳደገችው ውሻ ነው። ሀሴት ጥቂት አመነታች። እሱን መመርመር እንደማያስፈልግ፣ የራሱን በጎች የሚነካ ውሻ ብዙም እንደማያጋጥም ተናገረች።

«የእኔን ትቼ የሰው ውሻ ማስመርመር ምን ይባላል?» አለችና ዳርቱ ራሷ አፉን ከፈተች። ቡላ ጥጡን ላሰው።

ሀሴት ውጤቱን በስልክ አልነገረቻትም። ከሰዓት በኋላ ራሷ ወደ እንጦጦ ወጣች። ዳርቱን አጥሩን ስትጠግን ነበር ያገኘቻት። ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እትዬ ዳርቱ፣ አንደኛውን ውሻ አላገኘነውም። ባለቤት የሌለው ይሆናል» አለች። «ሁለተኛው ቡላ ነው።»

«ልትሳሳቱ አትችሉም?»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነው ሁለተኛ ጊዜ ያሠራሁት።»

ቡላ ከእግራቸው ሥር ተጋድሞ ዝንብ ያባርራል። ዳርቱ ያን ማለዳ አሰበች። ውሻው እርጥብ ሆኖ ጎተራው ሥር ተኝቶ ነበር፤ ዝናብ ነው ብላ አልፋዋለች። ቁርስ ስትሰጠው አልነካም፤ ደንግጦ ነው ብላ አዝናለት ነበር። እንባዋ ሳይታወቃት ወረደ። ሀሴት እጇን ይዛ፣ ጥናቱ ላይ የማንም ስም እንደማይጻፍ፣ እሷም ለማንም እንደማትናገር፣ ለጎረቤቶቹ ውሻ ነው ማለቱ እንደሚበቃ ነገረቻት።

ዳርቱ ያንን ሌሊት ከቢራቱ ጋር በስልክ ተማከረች። ቢራቱ አዳመጣትና፣ አንቺ መልሱን ፈልገሽ መልሱ መጣ፤ እኔ ምን እላለሁ አላት። ያቺ ንግግር ሌሊቱን ሙሉ ስትከነክናት አደረች። መልሱ የሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ትደብቀው እንደነበር ራሷን ጠየቀች። እንደማትደብቀው ታውቃለች። የጋሽ ከበበ ውሻ ቢሆን ኖሮ ቀድማ ነበር የምትናገረው።

እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ ተነስታ ሁሉንም ነገረቻቸው። አንደኛው የራሷ ቡላ፣ አብሮት የነበረው ደግሞ ያልታወቀ ሌላ ውሻ እንደሆነ፣ ከግንባታ ቦታዎቹና ከቆሻሻው ዙሪያ የተፈለፈሉት ባለቤት አልባ ውሾች በመንጋ እየዞሩ ሰው ያሳደጋቸውንም ውሾች እንደሚያስከትሉ፣ ሀሴት ያለቻትን ሁሉ አልሸሸገችም። ለጋሽ ከበበም በሁለቱ በጎቻቸው ምትክ ከቀሩት በጎቿ እንዲመርጡ አቀረበች። ጋሽ ከበበ ኮፍያቸውን አውልቀው ሲያገላብጡ ቆዩ።

«እንግዲህ ጅቡ ምን በልቶ ነው የሚኖረው ልትይን ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«የቄራ አጥንት፣ የሞተ አህያ፣ ቆሻሻ» አለች ዳርቱ። «ሀሴት መርምራ ኩሱ ውስጥ ብዙ ያገኘችው ግን ውሻ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ሳቁ ሲዞር ቆይቶ ሰው ወደ ነገሩ ተመለሰ። ጅቡን በመርዝ ብንጨርስ ውሻውን ማን ይቀንስልናል የሚል ጥያቄ ከኋላ ተነሳ። መርዝ የተባለው ነገር ከዚያ ቀን ወዲያ በስብሰባ ላይ አልተነሣም። ይልቅ አጥር በጋራ መጠገን፣ ውሻን ሌሊት ማሰር፣ ክፍለ ከተማው ባለቤት አልባ ውሾችን እንዲያስከትብና እንዲያመክን ማመልከት ይሻላል ተባባሉ። ጋሽ ከበበ ከዳርቱ መንጋ አንዲት ጠቦት ብቻ ወሰዱ፤ ሌላውን አንቺም ተጎድተሻል ብለው ተዉት።

ቡላን ቢራቱ መገናኛ ወሰደው። በግ በሌለበት የግንባታ ግቢ ውስጥ ሲሚንቶ ይጠብቃል። ዳርቱ አንዳንዴ ለቢራቱ ስንቅ ስታደርስ ታየዋለች፤ ያውቃታል፣ ይዘልባታል። እሷም ትደባብሰዋለች። ከቂሙ ይልቅ የሚያስገርማት ሌላ ነው። ያሳደገችው ውሻ ውስጥ የማታውቀው ውሻ መኖሩን ምራቁ ነገራት።

ከዚያ በኋላ ዳርቱ ለጥናቱ ኩስ ለቃሚ ሆነች። ጠዋት በጎቿን ስታወጣ ጓንትና ብልቃጥ ይዛ ትወጣለች፤ ቦታውን ስልኳ ላይ ትመዘግባለች፤ ሀሴት መጥታ ትወስዳለች። መንገድ ላይ የሚያገኟት እንጦጦ ፓርክ ሊዝናኑ የወጡ ሰዎች ምን እንደምትለቅም ሲጠይቋት በደስታ ትነግራቸዋለች። አብዛኞቹ ቶሎ ይሄዳሉ።

ከአንድ ዓመት በኋላ ሀሴት ኮምፒውተሯን ይዛ መጥታ የጅቦቹን ቤተሰብ ቁጭ ብላ አሳየቻት። ከቀበና ወንዝ የሚወጡት ሴቶች አብዛኞቹ እናትና ልጅ፣ እህትማማች ናቸው። በኮተቤ በኩል ያሉት ሌላ ቤተሰብ ናቸው። ድሮ በሁለቱ መካከል ወንዶች ይመላለሱ እንደነበር ዘራቸው ይናገራል፤ በቅርቡ የተወለዱት ግን እየተለያዩ ነው። መካከሉ ቤትና አስፋልት ሆኗል።

ዳርቱ የተሣለውን እያየች ብዙ ቆየች።

«እኛ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው» አለች። «ለጅቡ ማን ይቆጥርለታል?»

ሀሴት ወንዱ ጅብ ሲጎረምስ የተወለደበትን ጥሎ ርቆ እንደሚሄድ ነገረቻት። የሚቆጥርለት ርቀቱ ነው። መንገዱ ከተዘጋ ግን የሚያገኘው የእናቱን ዘመዶች ብቻ ይሆናል፤ ዘሩም ውሎ አድሮ ይደክማል። ለዚህ ነው በወንዞቹ ዳር ዛፍ ያለበት መተላለፊያ ሳይታረስና ሳይታጠር እንዲቀር ከመምህሮቿ ጋር ጽፈው ለሚመለከታቸው ያቀረቡት። መልሱ ገና አልመጣም። የዳርቱ እድር ግን በበኩሉ፣ ከቤቶቹ ጀርባ ያለችውን ጅረት ተከትሎ አጥር እንዳይሠራ ተስማምቷል፤ ሐሳቡን ያቀረቡት ጋሽ ከበበ ናቸው።

ባለፈው ጥቅምት ዳርቱ ከጅረቷ በላይ አንድ እርጥብ ኩስ አገኘች። ጅቦች የሚጸዳዱበት ገላጣ ላይ ሳይሆን ብቻውን መንገድ ዳር ነበር። እንደ ወትሮው ጠረገች፣ ብልቃጡ ውስጥ ከተተች፣ ላከች። ሀሴት ስትደውል ድምፅዋ ተቀይሮ ነበር። ወንድ ነው፤ ጎረምሳ ሳይሆን አይቀርም። ከቀበናዎቹም ከኮተቤዎቹም አንዱ አይደለም። እስከ ዛሬ ከሰበሰቡት ውስጥ የሚዛመደው የለም።

«ከየት መጣ ታዲያ?» አለች ዳርቱ።

«አላውቅም» አለች ሀሴት። «እውነት አላውቅም።»

ዳርቱ በጎቿን ለጎረቤት አደራ ብላ ወደ ተራራው ጫፍ ወጣች። በስተጀርባዋ ከተማው በጭጋግ ተሸፍኖ ያጉረመርማል። ከፊቷ በሰሜን በኩል የሱሉልታ ሜዳ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ከዚያ ወዲያ ሄዳበት የማታውቀው ሰማያዊ ተራራ አለ። አንድ ጎረምሳ ጅብ ያን ሁሉ አገር በየት በኩል አቋርጦ፣ ምን እየበላ፣ የማን ውሻ እየጮኸበት እንደመጣ ልታስበው ሞከረች። ከዚያ ጓንቷን አጥልቃ፣ በእንጦጦ ጀርባ በኩል ወደ ሱሉልታ የሚያወርደውን የእግር መንገድ ዳር ዳሩን እያየች ቁልቁል መውረድ ጀመረች።